ከደሴ ሳንርቅ ከልጆች ጋር ድንኳን ተክለን የምናድርበት ቦታ የት ይገኛል?

የሆጤው አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ 8፣ ትንሹ ገና አራት ሊሞላው ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ከጓደኞቹ ጋር መናገሻ ሱባና ወንጪ እየሄደ ድንኳን ውስጥ ያድራል። ባለፈው ሲመጣ «ለስድስት ሰው ይበቃል» የሚባል ድንኳኑን ትቶልኝ ሄደ። ፎቶውን ልጆቹ አይተውት ይኸው እኔን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል።

ያሰብኩት በግማሽ ዓመቱ የትምህርት እረፍት ነው፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ። አንድ ሌሊት ብቻ፣ ቢበዛ ሁለት። ሩቅ መሄድ አልፈልግም። አንዱ ልጅ ቢያመኝ ቢል በሌሊትም ቢሆን ቤት መመለስ መቻል አለብኝ። ባለቤቴ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፣ ሽንት ቤት ከሌለ አልሄድም ብላለች። አማቴ ደግሞ «ቤት እያለ ሜዳ ማደር ምን የሚሉት ጥጋብ ነው» እያሉ ነው፣ እሳቸውን ለማሳመን እንኳን አልሞከርኩም።

ቦታ ጠቁሙኝ። ብርዱስ እንዴት ነው የሚቻለው? ጅብስ? ሳቁብኝ ግድ የለም፣ ግን መልሱልኝ።

ሐይቅ ዳር

ማንም አይስቅብህም ወንድሜ፣ ጥሩ ነው ያሰብከው። እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ ለሰፈሬ ማድላቴ አይቀርም፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከትንንሽ ልጆች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድር ሰው ከሐይቅ የተሻለ አላውቅም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ አስፋልት ነው፣ ቢጨንቃችሁ በሌሊት ተነስታችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ከፍታውም ከደሴ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በለጥ ያለ ልዩነት ስላለ ሦስት ዲግሪ ያህል ሞቅ ይላል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ትንሽ አይደለም።

ባዶ ሜዳ አይተህ ዝም ብለህ እንዳትተክል። ወሎ ውስጥ ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ያ ለምለም የምትለው ሣር የሆነ ሰው የበሬ ግጦሽ ነው። ሐይቁ ዳር ሎጆችና መዝናኛዎች አሉ፣ ቀደም ብለህ ደውልና ግቢያችሁ ውስጥ ድንኳን ልትከል በላቸው። የሚፈቅድም የማይፈቅድም አለ፣ ዋጋውም በድርድር ነው። እዚያ ሽንት ቤት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ መብራት አለ። ባለቤትህ ያለችው ተሟላ ማለት ነው።

ድንኳኑን ከውሃው ራቅ አድርገህ ትከል። አንደኛ ከሰዓት በኋላ ከውሃው የሚነሳ ነፋስ አለ፣ የድንኳኑን በር ወደ ሐይቁ ካዞርከው እንደ ሸራ ጀልባ ይነፋልሃል። ሁለተኛ የአራት ዓመት ልጅ አለህ። ሐይቃችን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጥልቅ ቦታው 88 ሜትር ይደርሳል፣ ዳሩም ቀስ እያለ የሚጠልቅ እንዳይመስልህ። ልጁ ሲነቃ በሩን ራሱ መክፈት ከቻለ ሁለቱን ዚፕ አንድ ላይ በክር እሰራቸው፣ ቋጠሮው አንተ በጨለማ ልትፈታው የምትችለው ይሁን።

ጠዋት እስጢፋኖስ ገዳም ውሰዳቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የነበሩበት ነው፣ በእሳቸው ዘመን የተጻፈ ወንጌልም አለ። ሴት እንደማይገባበት ግን ቀድመህ ለሴት ልጅህ ንገራት፣ በር ላይ ደርሳ ስትሰማ ታኮርፋለች። እናትና ልጅ ታንኳ ላይ ይቆዩ፣ ወይ አሳ ይብሉ።

ማማ ላይ ያደገ

እኔ ግን ልሳቅ። ይቅርታ አድርግልኝ ጋሼ።

እኛ ወደ ቆላው ነው ያደግነው። ማሽላው ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ እንዳይጨርሰው ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ ይዘን እናድር ነበር። ማንም ፎቶ አላነሳንም። አሁን ከተሜው ብር ከፍሎ ሜዳ ላይ ሊያድር ነው። አማትህ ልክ ናቸው፣ በርቱ በልልኝ።

ለማንኛውም ስለ ጅብ ጠይቀሃል፣ እኔ ልንገርህ። ጅብ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ቀዶ አይገባም። የሚመጣው ለአጥንት ነው። ማታ ስጋ ጠብሰህ፣ አጥንቱን ከድንኳኑ ጀርባ ወርውረህ ከተኛህ ጠርተኸዋል ማለት ነው፣ መጣብኝ ብለህ አትውቀሰው። የበላችሁበትን አጥባችሁ፣ ትራፊውን በፌስታል አስራችሁ መኪና ውስጥ አስገቡ፣ ሌላው ምግብም ሁሉ መኪና ውስጥ ይደር። ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳን አይደር፣ ጅቡ ባይመጣ ጉንዳን ይመጣል። ደግሞ ማንም ሰው ደጅ ላይ ተዘርግቶ አይተኛ፣ ልጅ ብቻውን ለሽንት አይውጣ። በቃ ይኸው ነው። ሲጮህ ትሰማዋለህ፣ ልጆቹ እድሜ ልካቸውን የሚያወሩት እሱን ነው።

ከጅቡ ይልቅ የምፈራልህ የሰፈር ውሻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዞራችሁ ያድራል፣ ሲነጋ ልጆቹ ሊያቅፉት ይሄዳሉ።

የሆጤው አባት

ማማ ላይ ያደገ፣ ወንድሜ ሳቅህንም ምክርህንም ተቀብያለሁ። ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ «ይሄ ልጅ የሰው ልጅ ነው» ብለውሃል።

ሐይቅ ዳር፣ የዚፑ ነገር በፍጹም አልመጣልኝም ነበር። አንድ ጥያቄ፣ የጎፍስ? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሁሌ አየዋለሁ፣ ደኑ ያስጎመጃል። ለብርዱ ደግሞ ማታ ማታ ትንሽ ከሰል በምድጃ አንድደን ወደ ውስጥ ብናስገባስ ብዬ ነበር፣ ድንኳኑ ሰፊ ነው።

ነጭ ጋዋን

ቆይ ቆይ። ስለ ቦታው ሌላው ይመልስልህ፣ ከሰሉን ግን አሁኑኑ ከሐሳብህ አውጣው።

ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ደሴ ነው የምሠራው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። የምትሸተው ጭሱን ነው፣ ገዳዩን አይደለም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው «አሁን ነጻ ነው» ብሎ ያስገባዋል፣ እሱ ጊዜ ነው አደጋው። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይመጣል፣ የተኛ ሰው ግን ይሄንንም አያውቀውም፣ እንደተኛ ነው የሚቀረው። ልጆች ደግሞ ከትልቅ ሰው ቀድመው ነው የሚጎዱት። መስኮቱን ትንሽ ከፍቼው አድራለሁ ማለት አያድንም። ድንኳኑ ሰፊ ነው ማለትም አያድንም። የጋዝ ምድጃም፣ የላምባ ምድጃም፣ ቡና የተፈላበት ፍም ያለበት ምድጃም፣ ምንም የሚነድ ነገር አይግባ። በየክረምቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አስገብተው ያደሩ ሰዎች ይመጡብናል፣ የማይመጡትም አሉ። ድንኳንም ያው የተዘጋ ክፍል ነው።

ልጆቹን ማሞቅ ከፈለግክ ፋርማሲ የሚሸጠውን የላስቲክ የሙቅ ውሃ መያዣ ግዛ። ውሃው የፈላ ሳይሆን ሞቅ ያለ ይሁን፣ ክዳኑን በደንብ ዝጋና በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልለህ እግራቸው ስር አድርገው። ከመኝታ በፊት ሽንታቸውን ይሽኑ፣ ትንሽ ነገር ይብሉ፣ ቀን የለበሱትን ላብ የነካው ካልሲ ቀይረው ይተኙ። ኮፍያ አድርገው ይተኙ፣ ይሄ ያስቃቸዋል ግን ይሠራል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሐይቅና ኮምቦልቻ ደሴ ማለት አይደሉም፣ ወባ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፣ በጥር ይቀንሳል፣ ቢሆንም ሲመሽ ረጅም እጅጌ አልብሳቸው፣ የድንኳኑን የወባ መረብ በር ዝጋ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከወራት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ካያችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ፣ ሐይቅ አድረን ነበር ብላችሁ አስመርምሩ። ሌላው ደግሞ ሐይቅ ዳር ቄጠማና ቀንድ አውጣ ያለበት፣ የቆመ ውሃ ውስጥ እግራቸውን ነክረው እንዲጫወቱ አትፍቀድ፣ ቢልሃርዚያ የሚይዘው እንደዚህ ያለ ቦታ ነው።

ስለ ውሻው የተባለው ትክክል ነው። የማታውቁት ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

ጽድና ወይራ

ስለ የጎፍ እኔ ልመልስ፣ ሙያዬ ደን ነው።

የጎፍ የመንግሥት ደን ነው፣ ጽድ አለው፣ ወይራ አለው፣ ከታች ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ጉሬዛና ጦጣ ታያላችሁ። ግን መናፈሻ አይደለም፣ ለማደሪያ የተዘጋጀ ቦታ የለውም። ለልጆች የቀን ጉዞ አድርገው፣ ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት ውረዱ። ማደር ከፈለግክ ፈቃድ ሳትጠይቅ አትሞክረው፣ እሳት ደግሞ ጭራሽ። ጥር ደረቅ ነው፣ የጽድ ቅጠል አንዴ ከተያያዘ በባልዲ ውሃ የሚቆም ነገር አይደለም።

ደግሞ የትም ብትሄድ ባሕር ዛፍ ስር ድንኳን አትትከል። ጥላው ያምራል፣ ግን ነፋስ ሲነሳ ቅርንጫፉ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው። ደረቅ ወንዝም ውስጥ አትትከል። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ያታልላል። እኛ ጋ ደግሞ ክረምት ብቻ አይደለም የሚዘንበው፣ በልግ አለ፣ ከየካቲት ጀምሮ ላዩ ላይ ዘንቦ አንተ ጋ ፀሐይ እያለ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። ጎድጎድ ያለ ቦታም ይቅርብህ፣ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው፣ ከጉድጓዱ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ የተከለ ሰው ያለ ውርጭ ያድራል።

እውነተኛ ፓርክ ካልክ የእኛው ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ አለ፣ ደንቆሮ ጫካ የሚባለው ያለበት። ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ዕድለኛ ከሆንክ ቀይ ቀበሮ፣ እሷ በዓለም ላይ ከ500 በታች ናት የቀረችው። ለእኔ ወሎ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም። ግን ወደ መካነ ሰላም ያለው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከፍታው 3,000 ሜትርን ያልፋል፣ ብርዱ ሌላ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ይዘህ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ አትሂድ። ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍም እንደዚሁ፣ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ልጆቹ ሲያድጉ ትደርስበታለህ። ወደ ሸዋ ከወረድክ ደግሞ የመንዝ ጓሳ አለ፣ የአካባቢው ሰው ራሱ ለዘመናት በሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ነው፣ ድንኳን መትከያ ቦታም አለው፣ ግን እሱም ደጋ ነው።

ሌላ ደግሞ ማይባር ሐይቅን የሚጠቁምህ ሰው አይጠፋም። ቆንጆ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ፀጥ ያለ ነው። ግን ከፍታው ከደሴ አይተናነስም፣ ሎጅ ምናምን የለም። ለቀን ይሁንልህ።

የኮምቦልቻ እናት

ወንዶቹ ሁሉ ስለ ቦታ ታወራላችሁ። ከልጆች ጋር የማድረው እኔ ነኝ፣ የሚታደረው በስንቅና በምንጣፍ ነው።

በመጀመሪያ «ለስድስት ሰው» የሚባለውን አትመን። ስድስት ሰው የሚባለው እንደ ሰርዲን ተደርድሮ ነው። ለእናንተ ለአምስታችሁ ከነሻንጣችሁ ልክ ነው፣ አማትህ ሐሳባቸውን ከቀየሩ ጠበበ። (ይቀይራሉ፣ ቆይ ታያለህ።)

ብርድ የሚመጣው ከላይ አይደለም፣ ከታች ነው። ሰው አራት ብርድ ልብስ ይደርብና ከታች ስስ ምንጣፍ አድርጎ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሬቱን እንጠርጋለን፣ ድንጋዩን እንለቅማለን። ከድንኳኑ ስር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፣ ጠርዙ ከድንኳኑ ውጭ እንዳይተርፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከተረፈ ዝናቡን ሰብስቦ ስራችሁ ያስገባዋል። ውስጥ ሰሌን፣ በላዩ የስፖንጅ ፍራሽ፣ በላዩ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሰው። ጋቢ ለእያንዳንዱ። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ብቻውን ለደጋ አይሆንም፣ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ጀርባን ይበላል። ልጆቹ በመሃል፣ ትልልቆቹ በዳር። ከላይ ያለውን መተንፈሻ ደግሞ አትዝጉት፣ ካልሆነ የአምስት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል።

ስንቅ። ለአንድ ሌሊት ሬስቶራንት ልክፈት አትበል። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጭኮ። ጭኮ ካለ ጠዋት ማንም አይራብም፣ እሳት አይፈልግም፣ ትንሹም ይበላዋል። በሶ ለውሃው። እኛ ጎረቤታችን ካሉት ቤተሰብ ጋር ነው የምንሄደው፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ስጋ ይዘን ከሄድን ሁለት ድስት ሁለት ቢላ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ስንሄድ ስጋ የሚባል ነገር አንይዝም፣ ቆሮሶ አሳ እናስጠብሳለን፣ ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላል፣ ድስት ማጠብም የለም። ቡናው ግን አይቀርም፣ ጀበናውን በልብስ ጠቅልዬ ነው የምይዘው፣ ምድጃው ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ደጅ ነው፣ የጤና ባለሙያው ያሉትን ደግሜ ልበል፣ ደጅ!

ለትንሹ ማታ ማታ ፖፖ ያዝለት፣ በዘጠኝ ሰዓት በብርድ ሽንት ቤት አታመላልሰው። የራስ ባትሪ ለእያንዳንዱ ልጅ ግዛ፣ ይጣሉበታል ካልሆነ። ሶፍት ሁለት እጥፍ። ውሃ በጄሪካን ከቤት። ቅያሪ ልብስ በተለየ ፌስታል አስረህ መኪና ውስጥ ተወው፣ ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ይረጥባል ብለህ አስብ።

ሾፌር ነኝ

ይሄን ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፣ ቅር እንዳይላችሁ። የጸጥታው ነገር። ዛሬ ሰላም የሆነ መንገድ ነገ ላይሆን ይችላል። ቦታ ከመምረጥህ በፊት የዚያን አካባቢ ሰው ደውለህ ጠይቅ፣ ፌስቡክ ላይ ያነበብከውን ሳይሆን በዚያ መስመር በዚያን ቀን የተመላለሰ ሾፌር ጠይቅ። መናኸሪያ ሄደህ ሻይ ብትጠጣ በአስር ደቂቃ ሁሉንም ትሰማለህ። ሰዓት እላፊ ካለ እወቀው፣ ምክንያቱም «ልጁ ካመመው በሌሊት እመለሳለሁ» ያልከው ነገር አይሠራም ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ የጤና ተቋም ያለበት ከተማ ውስጥ እደሩ። ሐይቅን የምደግፈው ለዚህም ነው።

ከመሸ አትድረስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሲቀር ቦታው ላይ ሁን። ድንኳን በጨለማ በባትሪ መትከል ጠብ ነው፣ ባልና ሚስት እዚያ ላይ ነው የሚጣሉት።

የግለሰብ ግቢ ወይም ማሳ ዳር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤቱን፣ ከዚያ ቀበሌውን አስፈቅድ። ባለቤቱን ስትጠይቅ ግን ተጠንቀቅ፣ ወሎ ነው ያለኸው። «እንግዳ ደጅ ሲያድር አይተን እንዴት እንተኛለን» ይሉና ልጆቹን አቅፈው ወደ ቤት ያስገቧቸዋል፣ ለእናንተ አልጋ ይለቀቃል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ ድንኳኑ ሳይፈታ ይመለሳል። እኔ እንደዚህ ሆኖ ያየሁት አለ። እንቢ ብትል ቅር ይላቸዋል። መፍትሔው «ልጆቹ ስለት አለባቸው» እንደማለት ነው፣ ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ካላደሩ አያስቀምጡንም ብለህ ለምናቸው፣ ቡናውን ግን ገብተህ ጠጣ።

ማማ ላይ ያደገ

ሾፌሩ ያለው ወላሂ እውነት ነው። እናቴ ብትሆን ድንኳኑን ራሷ ነቅላ ነበር የምታስገባችሁ።

የሰፈሩ ልጆችም ይከቧችኋል፣ ፈረንጅ ባትሆኑም። አታባርሯቸው። ኳስ ያዝ፣ በአምስት ደቂቃ ከልጆችህ ጋር አንድ ይሆናሉ፣ ማታ ደግሞ አባቶቻቸው ዘብ ናቸው።

የሆጤው አባት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከሰሉን ተውኩት፣ ባለቤቴ የነጭ ጋዋንን መልስ አንብባ ምድጃውን ራሱ ደብቃዋለች። የጎፍ ለቀን፣ ሐይቅ ለማደር ብለናል። አንድ ሎጅ ደውዬ ሳሩ ላይ መትከል ይቻላል ብለውኛል፣ ሽንት ቤቱን ባለቤቴ ራሷ ሄዳ ካላየች አታምንም፣ ስለዚህ በመጪው እሁድ አሳ ልንበላ ሄደን እናየዋለን።

ዛሬ ከሰዓት ድንኳኑን ለሙከራ ግቢ ውስጥ ተከልነው። ገና ግማሽ ሳይደርስ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማን ነው? ምን ደረሰባችሁ?» እያሉ ገቡ። አማቴ ወጥተው «ሰው አልሞተም፣ ጥጋብ ነው» ብለው መለሷቸው። ልጆቹ ግን ሊወጡ አልቻሉም፣ ዛሬ ማታ እዚያው ግቢ ውስጥ ካላደርን ብለዋል።

አንድ ችግር አገኘሁ። ካስማዎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ግቢው ጠጠር ስላለበት ሁለቱ ጎበጡ። ሐይቅ ሣር ላይ ይሠሩ ይሆናል፣ ግን ነፋስ አለ ስላላችሁኝ ሰጋሁ። ደሴ ካስማ የሚሸጥ አለ?

ሐይቅ ዳር

ግቢ ውስጥ እደሩ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ። የደሴን ብርድ ከቻሉ ሐይቅ ይቀላቸዋል። የጎደለውም ነገር ሁሉ ዛሬ ማታ ይታያል፣ ቤቱ አሥር እርምጃ ነው።

የሚሸጥ አትፈልግ። ብየዳ ቤት ሂድና 8 ቁጥር ፌሮ በ30 ሳንቲ ሜትር ቆርጠህ አንዱን ጫፍ እንደ መንጠቆ እጠፍልኝ በለው፣ ሌላውን ጫፍ በሞላ ሹል ያድርግልህ። ቁርጥራጭ ካለው በርካሽ ይሠራልሃል። ስትመታው ቀጥ አድርገህ ሳይሆን ጭንቅላቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል እንዳለ ምታው፣ ገመዱ ሲስበው ያን ጊዜ ነው የሚይዘው። በገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ቁራጭ እሰርባቸው፣ ልጆች ማታ ሲሮጡ የሚጠለፉት በእሱ ነው።

የኮምቦልቻ እናት

የፌሮውን ጭንቅላትም አሮጌ ካልሲ አልብሰው፣ እግር ያቆስላል።

አማትህስ? ዛሬ ማታ ከልጆቹ ጋር ነው የሚያድሩት ወይስ ቤት?

የሆጤው አባት

ጋቢያቸውን ይዘው ገብተዋል። «ትንሹን ብቻ ላስተኛ» ብለው ነው የገቡት፣ አሁን ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ተረት እያወሩላቸው ነው። ስድስተኛ ቦታ ሞላ፣ እኔ ሳሎን ልተኛ ነው መሰለኝ።